የተዘለለችው ድምፅ

"አቁሚ! አቁሚ እስቲ!" አለ ሰይፈሥላሴ።

ሉሲ ሳክስፎኑን ከአፏ አወጣች። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ባለው ሰርቪስ ቤት እሱ ዘንድ መማር ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው፤ እንዲህ ጮኾባት አያውቅም።

"ተሳሳትኩ እንዴ ጋሼ?"

"ይሄን ዜማ ማን ሰጠሽ?"

"የኤልናታን አዲሱ ነው። ታክሲ ውስጥ ሁሉ ይከፍቱታል እኮ! ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው ያጠናሁት።" ስልኳን ከፈተችለት።

ሰይፈሥላሴ አዳመጠ፤ ጥርጥር የለውም። ሚስቱ ትርንጎ ያረፈች ሰሞን፣ ለቅሶ ደራሹ ሲበተን፣ እዚችው ክፍል ቁጭ ብሎ የሠራው ነው። ያኔ የሳክስፎኑ አንድ ቁልፍ ተጣብቆ እምቢ ስላለው፣ መሀል ላይ ሲደርስ አንዲት ድምፅ ዘሎ ትንፋሹን ይስብ ነበር። በኋላ ቁልፉ ተጠገነ፣ ዜማውም ሞላ። "ልለማመድበት ጋሼ" ብሎ ያኔ ተማሪው የነበረው ኤልናታን በስልኩ የቀዳው ግን ከዚያ በፊት ነው። ይኸው፣ በአዲስ ሳክስፎን እዚያችው ቦታ ላይ ዘሎ ይተነፍሳል። ሌባው የዜማውን ማነከስ እንኳ አልተወለትም! ትርንጎ እንደ ልጇ ምሳ እያበላችው እሱ ያስተማረው ልጅ። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲባል፣ ሰይፈሥላሴ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለው ነበር።

ኤልናታን ራሱ ከተፍ ያለው ሉሲ ሳክስፎኑን ገና ሣጥኑ ውስጥ ሳትመልስ ነው። የጥሪ ካርድ ይዟል። ጎንበስ ብሎ ጉልበት ሊስም ሲል ሰይፈሥላሴ እግሩን ሰበሰበ፤ ልጁ ካርዱን እጁ ላይ አኖረለት።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ የአልበሜ ምረቃ ነው። ፊት ወንበር ተይዞልዎታል። 'መምህሬ' ብዬ መድረክ ላይ ካባ አለብስዎታለሁ።"

"ዜማውንስ ማን ሠራው ልትላቸው ነው?"

ኤልናታን ሉሲን ገረፍ አድርጎ አያት። "እርስዎ እኮ ዘግተውበት ተቀምጠው ነበር። እኔ ባላወጣው ማን ይሰማው ነበር? ደግሞ ብዙ ነገር ጨምሬበታለሁ።"

"ለትርንጎ የሠራሁት መሆኑን ታውቃለህ። አጠገቤ ተቀምጠህ አልቅሰህበታል።"

ኤልናታን አቀረቀረ።

"እሺ፣ መሀል ላይ ለምንድን ነው የምትተነፍሰው?"

"እሷ ትንፋሽማ የዜማው ውበት ናት ጋሼ!" ቀና አለ፤ ፊቱ በራ። "ሰው ሁሉ የወደደልኝ እሷን ቦታ ነው።"

ሰይፈሥላሴ የጎደለችውን ድምፅ ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ መምህር ነዋ፣ ዕድሜ ልኩን ስሕተት ሰምቶ ዝም ብሎ አያውቅም። ከዚያ መልሶ ዘጋው። ካርዱን እጁ ላይ መለሰለት።

"ካባውን አንተው ልበሰው።"

ኤልናታን ሲወጣ ሉሲ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። "አላወቅሁም ጋሼ። ሁለተኛ አልጫወተውም።"

"ያንቺ ሳክስፎን ቁልፎች ሁሉም ይሠራሉ?"

"ይሠራሉ።"

"እንግዲያው ቁጭ በይ። እዚያ ቦታ ላይ ትንፋሽ የለም፤ ድምፅ ነው ያለው። አሰማሻለሁ።"

ሉሲ እንደ ልማዷ ልትቀዳ ስልኳን ወንበሩ ላይ አስደግፋ አቆመች። ሰይፈሥላሴ የራሱን ሳክስፎን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ስልኩን አነሣና አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

"በጆሮሽ ያዢው" አላት።