ባዶው የአባት ስም

ዳግማዊት ጎንደር ውስጥ የጠፉ ሰዎችን በሚያፈላልግ ቢሮ መረጃ ታጠናቅራለች። በፋይሉ በሕይወትም ሆነ ሞቶ የተገኘ የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የአባት ስም፣ አገር፣ የሰውነት ምልክትና ያለበት ቦታ በአንድ መስመር ተጽፎ በቋሚ ሰረዝ ብቻ ይለያል። የምትፈልገውን ክፍል ነጥላ የምታወጣው ሬጌክስ በሚባል የፍለጋ ቀመር ነው።

ከአይከል የመጡት አያ ቻላቸው ልጃቸውን ሙሉሰውን ፍለጋ ሦስት ቀን ተመላልሰዋል።

«ምነው ልጄ፣ ሙሉሰው ዛሬም የለም?»

«የለም» ልትል ስትል አንድ ነገር ድንገት ታያት። ቀመሩ በሰረዞቹ መካከል የግድ ፊደል ይፈልጋል፤ የአባት ስሙ ያልታወቀን ሰው ዘሎት ያልፋል። ከቀመሩ አንዲት ምልክት ቀይራ እንደገና ፈለገች። አሥራ አንድ አዲስ መስመሮች ወጡ። አንዱ ሙሉሰው፣ አይከል ይላል፤ እስከ መጨረሻው አንብባ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አያ፣ የልጅዎ እጅ ምልክት ነበረው?»

«የግራ አውራ ጣቱን ማጭድ ቆርጦታል።»

ዳግማዊት አንገቷን ደፋች። «ተቀብሯል፣ አያ። የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያንም ተጽፏል።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ኋላ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው «የአባቱ ስም የት አለ?» አሉ።

«ባዶ ነው። ከስሙና ከአገሩ በቀር ሌላ የሚያውቅለት ሰው አልነበረም።»

«አባትማ አለው። ቻላቸው ብለሽ ጻፊልኝ።»

ጻፈችው። እንባዋ ፊደሉን እየጋረደባት ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ እሳቸው ግን እስክታርመው ድረስ ቆመው ጠበቋት።