አራት ስም፣ አምስት ሰው

«ታዲያ በዚህ ስም ወደ ሲስተሙ የሚገባው ማነው? ጋሽ ተክለማርያም ናቸው ወይስ መሲ?» አለ ሮቤራ፣ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ።

«ሁለቱም» አለች ወለተጻድቅ። «ጠዋት እሳቸው፣ ከሰዓት እሷ። ምን ችግር አለው?»

ሮቤራ አየር ጤና ድረስ የመጣው ችግሩን ሊያስረዳ ነው። ከጎሚስታው በላይ ያለው የወለተጻድቅ የሂሳብ ቢሮ ኮምፒውተሮች ባዶ ቀፎ ናቸው፤ ፋይሉም ፕሮግራሙም ያለው የሮቤራ ድርጅት በኢንተርኔት በሚያከራየው ክላውድ ላይ ነው። ኪራዩ ደግሞ በሰው ስም ነው። እሷ አራት ስም ተከራይታ፣ ራሷን ጨምሮ አምስት ሰው ታሠራለች። አንዱን ስም ለሁለት መጋራት ለእሷ ቁጠባ ነበር፤ በውሉ ግን ክልክል ነው።

«ወንበር ከተከራየሁ ማን ቢቀመጥበት እናንተን ምን አገባችሁ?»

«እትዬ፣ የተከራዩት ወንበር አይደለም። ወይ አምስተኛ ስም ይጨምሩ፣ ወይ አንድ ሰው ይቀንሱ። ካልሆነ ነገ ሲስተሙ ራሱ ይዘጋዋል።»

ዋጋው በዶላር ስለሚታሰብ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አይታይም፤ አራቱ ራሱ ወገቧን አጉብጧታል። መሲን መቀነስ አይታሰብም፤ የደንበኞቹን ግብር የምታሳውቀው እሷ ናት። ጋሽ ተክለማርያም ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጥቂት ደረሰኝ ለማስገባት ጠዋቱን ይፈጃሉ። መሲ ከምሳ ስትመለስ መጀመሪያ የምትሠራው እሳቸው ያሳደጉትን ፊደል ማሳነስ ነው። ቢሆንም ወለተጻድቅ ሥራውን የተማረችው ከእሳቸው ነው። ስማቸውን ከሲስተሙ ማጥፋት ቤትዎ ይዋሉ ማለት ነው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ቤታቸው ማንም የለም።

ሽማግሌው ጥግ ካለው ወንበራቸው ሆነው ሰምተው ኖሯል።

«ወለቴ፣ አትጨነቂ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «እኔ ቤት ብውልም ግድ የለኝም።»

ውሸታቸውን ነው። ግድ የሌለው ሰው ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ቢሮ በር ላይ አይገተርም።

«እሺ፣ ምን ላድርግ?» አለ ሮቤራ።

«መሲ የራሷ ስም ይኑራት። የእኔን አጥፋና በቦታው ጋሼን ጻፍ።»

«እርስዎስ በምን ሊሠሩ?»

«እኔ እንደሆንኩ ከማየት በቀር ምን እሠራለሁ?»

ወንበሯን እየጎተተች ወስዳ ከጋሽ ተክለማርያም አጠገብ ተቀመጠች። ፊደሉ ትልቅ ስለነበር መነጽር አላስፈለጋትም።

«የቱጋ ደርሰው ነበር፣ ጋሼ?»