ጫፋቸው የተቆረጠ ጨርቆች

ሴትዮዋ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመች በምትሰፋው የአልጋ ልብስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። በእጇ ሥራ የሚያማት አልነበረም። ዕድሜ ልኳን ያቃጠላት እጥበቱ ነው። አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ ከተሰፋ ኋላ ገዢው ቤት ሄዶ ይሰበሰባል፣ ቀለሙን ይለቃል፣ የሰፊውን ስም ያጠፋል። ስለዚህ ቀድማ ታጥባለች። የማጠቢያ ማሽኑ ታዲያ ደህና ጨርቅ ተቀብሎ ገመድ አድርጎ ይመልስላታል፤ ጫፉ ተተርትሮ፣ ክሩ ተጠላልፎ፣ አንዱ የሌላውን አንገት አንቆ። ያንን በመቀስ ስትፈታ ቀኑ ይመሽባታል።

ልጇ አግብቶ ሚስቱን እዚያው ቤት ሲያስገባ ምራቲቱ፣ “እማዬ፣ እጥበቱን ለኔ ይተዉልኝ” አለች። አማት ወገቧን ያማት ነበርና እሺ አለች። ብዙም ሳይቆይ ጨርቁ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠላት። አንድ የተንጠለጠለ ክር የለም። አንድ ቋጠሮ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን “ተባረኪ” ይል ነበር። እሷ ግን ጨርቁን አገላብጣ አየችና፣ “ይቺ ልጅ አላጠበችውም” አለች በሆዷ። “ውሃ አርከፍክፋ ተኩሳ ነው ያመጣችልኝ። ገዢ ፊት ልታዋርደኝ!”

ጎረቤቷ ሹራብ ሠሪዋ ነገር ሲሸታት እግሯ ፈጣን ነው። “አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ያልቻልሽውን እሷ በመጣች በማግስቱ ቻለችው?” አለች ኩርሲ ስባ እየተቀመጠች። “የማጠቢያ ክፍሉንስ በር ለምን ትቆልፋለች? እኔ የለሁበትም፤ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ።”

እውነትም በሩ ይቆለፋል። ይሄን ካወቀች ወዲህ አማት እንቅልፍ አጣች። በሚቀጥለው ጊዜ ጨርቁን ከመስጠቷ በፊት የአንዱን ጀርባ ማንም በማያየው ቦታ በጠመኔ ጫር አደረገችው። ጨርቁ ሲመለስ ጭረቱ የለም። ታጥቧል ማለት ነው። ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። ያዝኳት ያለችው ነገር እንደ ሳሙና ከእጇ አመለጠ።

መልሳ ልታጥፈው ስትል ግን ዓይኗ ማዕዘኑ ላይ አረፈ። ተቆርጧል። አራቱም ጫፍ ትንሽ ትንሽ ተቆርጦለታል። ሌላውን አነሳች፤ እሱም እንዲሁ። የቀረውንም ዘረጋች፤ አንድም የተረፈ የለም።

“ትንሽ በትንሽ ነው የሚጀመረው” አለች ሹራብ ሠሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ዛሬ ጫፉን፣ ነገ ጨርቁን፣ ከነገ ወዲያ ልጅሽን።”

“ልጄንማ መጀመሪያ ነው የወሰደችው” አለች አማት።

በማግስቱ ምራቲቱ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ቆለፈች። አማት ኮሪደሩ ላይ ጆሮዋን ቀስራ ቆመች። ማሽኑ ጥቂት ከተሽከረከረ በኋላ፣ ገና እጥበቱ ሳያልቅ፣ ጸጥ አለ። የማሽኑ በር ሲከፈት ተሰማት። አሁንስ በቃ! ትርፉን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ገባች።

ምራቲቱ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እርጥብ ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር። ደንግጣ ተነሳች።

“ምን እየሠራሽ ነው?”

“እያራገፍኳቸው ነው፣ እማዬ። መሃል ላይ አውጥቼ ካላራገፍኳቸው ይተበተባሉ።”

“ጫፉንስ ማን ቆረጠው?”

“እኔ ነኝ። ማዕዘኑ ሹል ከሆነ ክሩ መተርተር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ትናንሾቹን የመረብ ከረጢት ውስጥ እከታቸዋለሁ።”

“ቁራጩስ?”

ምራቲቱ ግራ ገባት። “እጥለዋለሁ። ምን ያደርግልኛል?”

አማት ዙሪያዋን ቃኘች። የተደበቀ ነገር የለም። “ታዲያ ይሄ በር ያስቆልፋል?”

ልጅቱ ጨርቁን ጨመቀች፣ ደግማ ጨመቀች። “ካዩኝ ይወስዱብኛላ።”

“ምኑን?”

“ሥራውን። ሰሃን ባጥብ ደግመው ያጥቡታል። ወለሉን ብወለውል ከኋላዬ ይወለውሉታል። ያነጠፍኩትን አልጋ እንኳ ገብተው ያስተካክሉታል። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ያልደገሙብኝ ይሄን ብቻ ነው።”

አማት “መቼ?” ልትል አፏን ከፈተች። ዛሬ ጠዋት መሆኑ ትዝ አላትና ዘጋችው። እንደ መሸሻ ባልዲው ውስጥ ያለውን ቀይ ጨርቅ አየች።

“ቀዩን ከነጩ ጋር እንዳትቀላቅይው።”

“ለብቻው ነው፣ እማዬ።”

ውሃው ጠርቶ እንደሆነ ልታይ እጇ ወደ ባልዲው ሄደ። መሃል ላይ መለሰችው። ቁልፉን ማሽኑ ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ዞረች።

“ከመጡ አይቀር” አለች ምራቲቱ ከኋላዋ፣ “የዚህን ትልቅ ጨርቅ አንድ ጎን ይያዙልኝ፤ ብቻዬን አይራገፍልኝም።”

ያዘችላት። ጨርቁ በመሃላቸው ተዘረጋ። የምራቷን አያያዝ አይታ “እንደሱ አይደለም” የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ በመከራ ዋጠችው።

“ጠበቅ አድርገው ይያዙት እንጂ፣ እማዬ” አለች ምራቲቱ።

አማት ጠበቅ አደረገችው።