እንግዳ መብራት አይከፍልም

ኦቦ ዱጋሳ የቤት ኪራይ ሊጨምሩ ሲመጡ እንደ ሌላው አከራይ ስለ ሲሚንቶ ዋጋና ስለ ግብር አላወሩም። ስልካቸውን አውጥተው ለተከራያቸው ለመምህር ሽኩር ዘረጉለት።

«እስቲ አንብብልኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለህ?»

«የኢኮኖሚክስ ነኝ፣ ኦቦ ዱጋሳ።»

«ያው ነው። ልጄ ጂቱ ቁጥሩን አሳይታኝ ሥራ ሄደች። ሦስት መቶ አርባ ዶላር ይላል።»

ስልኩ ላይ የሚስቁት ዮሪስና ሚስቱ ሚያ ነበሩ። ከሆላንድ ተነስተው ዓለምን ሲዞሩ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በዚሁ ግቢ የኋለኛውን ክፍል ተከራይተው ከተቀመጡ ደግሞ ሁለት ወር። በየደረሱበት ከተማ የወር ወጪያቸውን ደምረው በቪዲዮ ለዓለም መንገር እንጀራቸው ነው። አሁን ተራው የአዳማ ሆኖ «ባልና ሚስት በአዳማ በወር በስንት ይኖራሉ?» ብለው ለቀውታል። ከጀርባቸው የሽኩር ሚስት ፋዲላ ያሰጣችው የልጆች ልብስ ይታያል።

«ሦስት መቶ አርባ ዶላር ሃምሳ አንድ ሺህ ብር ነው» አሉ ኦቦ ዱጋሳ። «ሁለት ሰው አዳማ ውስጥ ለመኖር ሃምሳ አንድ ሺህ ካስፈለገው፣ አንተ ከነሚስትህ ከነልጆችህ በአምስት ሺህ ብር ቤት ተንደላቀሃል። ከሚመጣው ወር አሥራ ሁለት ሺህ አድርገው። ካልሆነ እነዚህን ያመጣችልኝ ጂቱ ሌሎችም ታመጣልኛለች።»

የሽኩር ደመወዝ ከአሥራ አምስት ሺህ እምብዛም ፈቀቅ አይልም። አሥራ ሁለት ሺህ ማለት ልጆቹን በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት ነቅሎ ከተማውን ለቆ መውጣት ማለት ነው። ደሙ ፈላ። የተናደደው ግን በሽማግሌው ብቻ አልነበረም። «ርካሽ ከተማ» የሚባል ነገር አለ እንዴ? ርካሽነት እንደ ዝናብ ከሰማይ አይወርድም፤ አንዱ ርካሽ ኖረ ከተባለ ልዩነቱን የከፈለለት ሌላ ሰው አለ። ይህን ለተማሪዎቹ ሺህ ጊዜ ነግሯቸዋል። አሁን ለዮሪስ ሊነግረው ግቢውን አቋርጦ ሄደ።

«ሽኩር፣ በአላህ! እንግዶች ናቸው!» እያለች ፋዲላ ተከተለችው።

ዮሪስ በሩን የከፈተው በፈገግታ ነበር። ሽኩር ሰላምታውን አሳጥሮ በእንግሊዝኛ ጀመረ።

«ለምግብ ሃምሳ አምስት ዶላር ብላችኋል። ምሳ በየቀኑ ከየት ነው የምትበሉት?»

«ከፋዲላ ነዋ! እሱንም ተናግረናል። ‹ጎረቤቶቻችን ድንቅ ናቸው፣ በየቀኑ ያበሉናል› ብለናል።»

«መብራትና ውሃስ? ዜሮ?»

«ዜሮ።»

«እዚህ ቤት ቀን ከሌት ሁለት ኮምፒውተር ይሠራል፤ ምድጃው አይጠፋም። ዜሮ?»

ሚያ ከውስጥ ብቅ አለች። «ስንት ነው ድርሻችን ብለን ጠይቀን ነበር። እንግዳ መብራት አይከፍልም ያልከን እኮ አንተ ነህ።»

እውነቷን ነው። ተከራዮቹ አንድ ቆጣሪ ነው የሚጋሩት፤ ወር ሲያልቅ ሂሳቡ በሰው ቁጥር ይካፈላል። እሱ ከነቤተሰቡ አራት፣ ጉሊት የምትቸረችረው ኤቢሴ ከእህቷ ጋር ሁለት። ፈረንጆቹ በገቡ ወር ኤቢሴ «ለስድስት ነው ለስምንት የምናካፍለው?» ስትል፣ ደረቱን ነፍቶ «ለስድስት! ሰው ምን ይለናል?» ያለው እሱ ነበር።

ሚያ የገንዘብ ቦርሳዋን አወጣች። «አሁን እንክፈል። የምግቡንም ጭምር።»

ፋዲላ እንግሊዝኛ ባታውቅም ቦርሳ ታውቃለች። «ምንድን ነው? ለወጡ ነው? ምግብ ቤት ከፍቻለሁ እንዴ? ንገራት፤ ሁለተኛ ይህን ቦርሳ ብታወጣብኝ አኮርፋታለሁ በላት!»

ሽኩር ጥርሱን ነክሶ ተረጎመ። ሚያ ቀላች፤ ቦርሳዋን መለሰች። እሱም ወደ ኦቦ ዱጋሳ ተመለሰ። ሽማግሌው የፊተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ወንበራቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል።

«ኦቦ ዱጋሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እነዚህ ሰዎች ተከራይ ናቸው እንግዳ?»

«እንግዳ ናቸው እንጂ! ባሕር ተሻግረው የመጡ።»

«የማን እንግዳ?»

«የማን ይሆናሉ? ቤቱ የማን ነው? የእኔ ናቸዋ!»

«እንግዲያው የእርስዎ እንግዳ ሁለት ወር ሙሉ ከእኔ ቤት ምን አስበላው? መብራቱንስ ኤቢሴ ከቲማቲም ትርፏ ላይ ለምን ትከፍልለታለች? እርስዎ በወር አሥራ ስምንት ሺህ ሲቀበሉ!»

«ማን ነው እንዲህ ያለ?»

«ራሳቸው ናቸዋ። አንብብልኝ ብለውኝ አልነበር?» ስልኩን ተቀብሎ ከፈተና ቃል በቃል ተረጎመላቸው፤ ኪራይ፣ መቶ ሃያ ዶላር፤ ምግብ፣ ጎረቤት ያበላናል፤ መብራትና ውሃ፣ ዜሮ።

ኦቦ ዱጋሳ ስልኩን መልሰው ወሰዱ። «ለምን ሳትነግሩኝ ከፈላችሁ?»

«እርስዎስ ምን ይበላሉ ብለው ጠይቀው ያውቃሉ?»

«ያ ረቢ!» ሽማግሌው ስልኩን በጥርጣሬ አዩት። «ይህን ሌላ ሰው ሰምቶታል?»

«ዘጠና ሺህ ሰው።»

«ከአሰላ ሰው አለበት?» ዘመዶቻቸው በሙሉ አሰላ ናቸው።

«ሳይኖርበት አይቀርም።»

ኦቦ ዱጋሳ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «የመብራቱን ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ከእንግዲህ እነሱ እዚህ እስካሉ በእኔ ነው። ኪራዩን ደግሞ ሰባት ሺህ አድርገው።»

«አምስት ነበር።»

«እንግዳ አበላሁ ብለህ ቤቴን ልትወርስ ነው? ሰባት!»

«አምስት ተኩል።»

«ስድስት። እሱም እስከ ሰኔ፤ ልጆቹ ፈተናቸውን ይጨርሱ። ከሰኔ በኋላ ግን የእንግዳ ነገር እንዳታነሳብኝ፣ መምህር። አሥራ ሁለት ነው።»

ሽኩር ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ያዘጋጀው ንግግር ሳይነገር ቀረ። ቤቱ ሲገባ ፋዲላ በር ላይ ትጠብቀው ነበር።

«ስንት ሆነ?»

«ስድስት። እስከ ሰኔ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«የምን አልሐምዱሊላህ ነው! ያበላሁት እኔ፣ መብራት የከፈልኩት እኔ፣ አንድ ሺህ የተጨመረብኝም እኔ!»

«ያበላሁት አልክ? ሽንኩርት ልጠህ ታውቃለህ?»

ሽኩር በማግስቱ መምህራን ክፍል ገብቶ፣ ከሰኔ በኋላ የሚለቀቅ ቤት የሚያውቅ እንዳለ አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረ።