የሚያብለጨልጨው ኬክ

እሺ የሚሏት ልጅ የልደት ኬኳን በላች፤ ኬኩ ላይ ግን የፀጉር ስፕሬይ ተነፍቶበት ነበር።

የነፋችበት አለቃ የሚሏት ጓደኛዋ ናት። ክሬሙ በሙቀቱ እንዳይወርድና ለፎቶ እንዲያበራ ብላ ነው። ጠዋት ሌሎቹ ሳይነሱ ጣሳውን ይዛ ኬኩን ዙሪያውን ነፋችው። ወይኑንና ሐብሐቡንም አልማረችም። ኋላ ስትጠየቅ፣ «ይሄ የፎቶ ነው፣ የሚበላው ሌላ ነው። ይሄም ይነገራል እንዴ?» አለች። የሚበላ የተባለው ሌላ ኬክ ግን እቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ሦስቱ ሴቶች ቅጽል ስማቸውን ያወጡት ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ሲኖሩ ነው። አለቃ፣ ማን የት አልጋ እንደሚተኛ ሳይቀር ትወስን ስለነበር አለቃ ሆነች። እሺ እምቢ ማለት አታውቅም፤ ያልገባትን ቀልድ እንኳ ስቃ ነው የምታሳልፈው። የሦስተኛዋ፣ የአጣቢዋ ስም ግን ኋላ የመጣ ነው። ከተመረቀች ወዲህ የምትሠራው ፎቶ ቤት ነው፤ ፎቶ ታጥባለች፣ የገረጣ ፊት ታቀላለች፣ የሙሽራ ብጉር ታጠፋለች።

በጋ ለአጣቢዋ የሌላ ሰው ነገር ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከጋለ ማሽን ጋር ተፋጥጣ ትውላለች፤ ከማሽኑ አፍ የሰው ሠርግ፣ የሰው ሽርሽር፣ ውሃ ዳር የተዘረጋ የሰው እግር ይወጣል። ዘንድሮ የሰው እግር አንገሸገሻት። እሺ ደግሞ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ በጋው ሲያልቅ ልትሄድ ነው። አጣቢዋ ያላትን ፈቃድ ሙልጭ አድርጋ ወስዳ ወደዚህ ሐይቅ የመጣችው ለአንድ ነገር ነበር። ከእሺ ጋር ሐይቁ መሃል እስካለው የእንጨት መድረክ ዋኝተው፣ እዚያ ላይ ተጋድመው ሰው አምተው፣ ፀጉራቸው ሳይደርቅ ተመልሰው መብላት። ተማሪ ሳሉ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ሌላ የፈለገችው ነገር የለም።

ሐይቁ ዳር ያረፉበትን ቤት ያገኘችው አለቃ ናት። ስልኳ ላይ ብዙ ሰው ስለሚከተላት ባለቤቱ በነፃ ሰጣት፤ በምትኩ ሰው ቤቱ ውስጥ ሲደሰት የሚያሳዩ ፎቶዎች ይፈልጋል። አለቃም ፎቶ የምታነሳው በዘዴ ነው። ዘዴዋን «የበጋ ስንቅ» ትለዋለች። የበጋውን ፎቶ ሁሉ ልብስ እየቀያየሩ ባንድ ጊዜ አንስቶ መጨረስ፣ ከዚያ ብርድ እስኪገባ ድረስ ቆንጥሮ ቆንጥሮ መልቀቅ።

«ይሄ ቢጫው የበጋው መጀመሪያ ነው» አለች እንደደረሱ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ዘርግፋ። «ነጩ መሃሉ ነው። ቡኒው ሲያልቅ ነው፣ እሱን ስትለብሱ ትንሽ ትዝ እንዳለው ሰው ሁኑልኝ።»

«ምን ትዝ ይበለን? ገና መግባታችን ነው» አለች አጣቢዋ።

«አንቺ ደግሞ። ፊትሽን ብቻ።»

ቢጫው ቀሚስ አንድ ነበር። አለቃ ለብሳ ትነሳና አውልቃ ለእሺ ትሰጣለች፤ እሺ አውልቃ ለአጣቢዋ። አጣቢዋ ጋ ሲደርስ ብብቱ የሁለት ሰው ላብ ጠጥቶ ጀርባዋ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይለጠፋል። ጠረጴዛው ላይ ከመጡ ጀምሮ ያልተነካ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ተቀምጧል፤ አረፋ እንዲኖረው አለቃ የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርጋበታለች። አንድ ዝንብ ገብቶ ሞተ። አለቃ ዝንቡን በማንኪያ አውጥታ ብርጭቆውን ወደ ቦታው መለሰችው።

መኪናውን የነዳላቸው የአለቃ የአክስት ልጅ ነው፤ ሾፌር ይሉታል። ሥራው ሲደርሱ የሚያልቅ መስሎት ነበር። የመኪናውን መስታወት ከፀሐይ የሚከልለውን ብርማ ሽፋን አለቃ አሸክማው፣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ ሲያንጸባርቅ ይውላል።

«እኔ ምለው» አለ ክንዱ ሲዝል፣ «እኔ የምዝናናው በየትኛው ቀሚስ ነው?»

«አንተ ዝም ብለህ ቀና አድርገው።»

«እንዋኝ» ባለች ቁጥር አጣቢዋ የምታገኘው መልስ አንድ ነበር። ፀጉር ይረጥባል፤ ነገ። በማግስቱም ነገ ሆነ። እሺ በመስኮቱ ውሃውን እያየች፣ «ነገ ይሻላል፣ አይደል?» ትላለች፤ አጣቢዋ ጥርሷን ትነክሳለች።

የእሺ ልደት የመመለሻቸው ዋዜማ ላይ ዋለ። አጣቢዋ የመዋኛ ልብሷን ከሥር ለብሳ፣ ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጥላ ነበር የተነሳችው።

«ዛሬ የሷ ቀን ነው» አለች ለአለቃ። «ኬኩን ቁረጪና ልቀቂን።»

«ልጅቷን እየከለከልኩሽ ነው እንዴ፣ እቴ? ኬኩን እናንሳና ሂዱ።»

ጠረጴዛው ወደ ሐይቁ በሚከፈተው በር ፊት ለፊት ተደረገ፤ ብርሃኑ ከዚያ ነው። እሺ ሻማውን እፍ አለች። አለቃ ዓይኗ ተጨፍኗል ብላ እንደገና ለኮሰችው። እሺ እፍ አለች። አሁን ደግሞ አፏ ጠቧል። እፍታው ሲደጋገም ምራቋ ክሬሙ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አለቃ ኬኩን «ላስተካክለው» ብላ ወደ ማድ ቤት ይዛው ገባች፤ ይበልጥ እያብለጨለጨ ተመለሰ። ክብሪቱ ሲጠጋ ክሬሙ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«ኬካችሁ ቤንዚን ይጠጣል እንዴ?» አለ ሾፌር።

አለቃ ኬኩን ቆርሳ ቁራሹን ለእሺ አስያዘቻት። «አፍሽ አጠገብ፣ እንደዚያ። አሁን ሳቂ።»

እሺ ከነጋ እህል አልቀመሰችም፤ አለቃ ሆድ ያሳብጣል ብላ ቁርስ ከልክላታለች። ደግሞም ልደቷ ነው። ጎረሰችው። ፊቷ ተጨማደደ፤ ቢሆንም አላመጠች፣ ዋጠች፣ ሁሉም እንደሚያያት ስታውቅ ደግማ ጎረሰች።

«ይጣፍጣል» አለች።

ጥቂት ቆይቶ ደጁ ላይ ጎንበስ ብላ ታስመልስ ጀመር። አጣቢዋ ሮጣ ግንባሯን ያዘችላት። ከእሺ አፍ የሚወጣው ሽታ የኬክ አልነበረም፤ የፀጉር ቤት ነበር። ትታት ማድ ቤት ገባች። ጣሳው ዘይቱና ጨው ዕቃው መሃል ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አለች ይዛው ወጥታ።

አለቃ ጣሳውን አየች፣ እሺን አየች። የተናገረችውም ያን ጊዜ ነው፤ ይሄም ይነገራል እንዴ ያለችው። አክላም፣ «ያዢው አልኩ እንጂ ብዪው አልኩ?» አለች።

ሾፌር ወደ መድኃኒት ቤት በረረ። እስኪመለስ እሺ ሶፋው ላይ ባልዲ ታቅፋ ቆየች። ይዞት የመጣውን የመድኃኒት ዱቄት በውሃ በጥብጠው አጠጧት፤ ቀትር አልፎ ሆዷ ረጋ። አጣቢዋ ወለሉን ጠረገች፤ ኬኩን አንስታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። እዚያም ሆኖ ያበራ ነበር።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘነብል በበሩ ወርቅማ ብርሃን ገባ። አለቃ ብድግ አለች።

«ባለቤቱ የሁላችንን አንድ ላይ ይፈልጋል፣ እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። እሺ፣ የኔ እናት፣ ትችያለሽ አይደል?» ከዚያ ወደ አጣቢዋ ዞራ፣ «ትንሽ ገርጥታለች፤ እሱን አንቺ ፎቶ ቤት ታስተካክዪዋለሽ» አለች።

አጣቢዋ እሺ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ተነሺ፣ ውሃው ዳር ወስጄ ላስቀምጥሽ። መዋኘቱ ይቅር፤ እግራችንን ብቻ እንንከር። ነገ እንሄዳለን፣ ከዚያ አንቺም ትሄጃለሽ።»

«እሺ» አለች እሺ፤ ከንፈሯን ግን አለቃ ለያዘችው ቀለም አሞጥሙጣ ሰጠች። «አንድ ፎቶ ነው እኮ። ትቀየማለች።»

«ያስመለስሽበት ባልዲ ገና እግርሽ ሥር ነው።»

«ባልዲውን ፎቶው ውስጥ አላስገባውም» አለች አለቃ። ስልኳን ስትነካካ አንዱ ምስል ላይ ቆማ ፈገግ አለች። «እንዲያውም ይሄን እዩት።»

ፎቶው ደጁ ላይ የተነሳ ነው። እሺ ነጩን ቀሚስ ለብሳ፣ ሆዷን ይዛ እጥፍ ብላለች፤ ፀጉሯ ፊቷን ጋርዶታል። አጣቢዋ ግንባሯን ይዛ አብራት ጎንበስ ብላለች። ከኋላቸው ሐይቁ ያብረቀርቃል።

«በሳቅ የፈረሱ ነው የምትመስሉት» አለች አለቃ። «ስንቁ ውስጥ እንዲህ ያለ የለኝም።»

አጣቢዋ እሺን አየቻት፤ አሁንስ አንድ ነገር ትላለች ብላ ጠበቀች። እሺ ስልኩን ተቀብላ በሁለት ጣቷ አሰፋችው፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«እውነትም ያምራል» አለች። «ላኪልኝ።»

አጣቢዋ ተነሳች። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ፣ ፎጣዋን ከመስኮቱ ላይ ሰበሰበች። የመዋኛ ልብሷ ከሥር እንደደረቀ ነው።

«ወዴት ነው?» አለ ሾፌር ብርማውን ሽፋን እንደያዘ። «ላድርስሽ?»

«አይ፣ አንተ ያዝላቸው።»

እሺ ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ቀልቷል። «ነይ እንጂ፣ አንቺ ሳትኖሪ ምን ዋጋ አለው?» አለች፤ ፊቷን ግን ከስልኩ አላዞረችም።

አጣቢዋ በሩ ጋ ስትደርስ አለቃ ከኋላዋ ተጣራች።

«በሩን እንዳትዘጊው፣ ብርሃኑ በዚያ ነው።»

ወጣችና ዘጋችው።