የፋይል ክፍሉ ምሳ

ቫሴማዛ መዋሸት አልፈለገችም ነበር። ማን ይፈልጋል? ግን በዚያ የትራንዚት ቢሮ ምሳ የግል ጉዳይ አይደለም። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ያመጣውን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል፤ የሳሮጅ ሮቲ የሚባለው ስስ ቂጣና የድንች ወጥ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራው የእትዬ ሩሲላ የጎደሬ ቅጠል፣ የኢሲኬሊ የተጠበሰ ዓሣ። ከዚያ ሁሉም እጁን ይሰዳል። ለራሱ ብቻ የሚበቃ ቋጥሮ ወደ ሥራ የሚመጣ ሰው በዚያች የደሴቶች አገር ዋና ከተማ፣ ሱቫ ውስጥ መኖሩን እንጃ። ደብዳቤ የሚያደርሰው ሰውዬ እንኳ «እንብላ!» ሳይባል አያልፍም፤ አንዳንዴ የምር መስሎት ቁጭ ይላል።

የቫሴማዛ ድርሻ የተቀቀለ የካሳቫ ሥርና የቆርቆሮ ሥጋ ነበር። ለሰባት ሰው የሚበቃ፣ በየቀኑ። እሱን ማቅረብ ነው ያቃታት።

እናቷ ሞአላ ደሴት ላይ ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። ከውጭ የመጡት የዓይን ሐኪሞች ሱቫ የሚቆዩት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ከሞአላ የምትነሳው መርከብ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት። የእናቷና እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው ሰው መሳፈሪያ ቅዳሜ ጠዋት ካልተከፈለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው የቫሴማዛ ኪስ መራቆቱን ነው። ቫሴማዛ አውቶቡስ ትታ በእግሯ መሄድ ከጀመረች ሰንብታለች። ኪራዩ አይነካ፣ መብራቱ አይነካ። የሚቀነስ ነገር ቢፈለግ ምሳው ብቻ ነበር።

ታዲያ «ቸግሮኛል» ብትል ምን ነበረበት? ኩራት ነዋ! ሰኞ ምሳ ሰዓት ኢሲኬሊ ያን ሰፊ ትከሻውን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተንሰራፋና «እሺ የእኔ እመቤት፣ ካሳቫዬ የታለ?» ሲላት፣ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ዛሬ አልበላም። ለእናቴ ዓይን ጾም ይዣለሁ። እስከ ዓርብ።»

እትዬ ሩሲላ ማንኪያቸውን አስቀመጡና «እግዜር ይስማሽ ልጄ» አሏት። ቫሴማዛ የሚመዘገብ ሰነድ አለ ብላ ተነሳች። ፋይል ክፍል ገባች፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ ከቦርሳዋ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ከቆርቆሮ ዓሣ ጋር አወጣችና የድሮ የጭነት ሰነድ መሐል ቆማ በላች። ጣፈጣት። በኋላ ስታስበው ከሁሉ በላይ ያሳፈራት መጣፈጡ ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ ግን እያደር ከበደ። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ብትመጣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ሰዎቹ ግን ሁሉም ተቀምጠዋል።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

«አንቺ ብቻሽን ስትጾሚ እኛ ሆዳችንን ልንሞላ?» አሉ እትዬ ሩሲላ። «ምን ዓይነት ሰዎች አድርገሽን ነው!»

«እኔማ በሃይማኖቴም ማክሰኞ እጾማለሁ» አለች ሳሮጅ። «እስከ ዓርብ ብገፋበት ምን አለበት።»

«እኔ ግን ዓርብ ድረስ ከቆየሁ» አለ ኢሲኬሊ ሆዱን እየዳበሰ፣ «የእናትሽ ዓይን በርቶም እኔን በአጉሊ መነጽር ነው የሚፈልጉኝ።»

ሳቁ። ያኔ መናገር ነበረባት። አንዲት ቃል ብቻ! ግን እትዬ ሩሲላ ጸሎት ጀመሩ፣ የእናቷን ስም ጠሩ፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እሷም ጨፈነች። ስትጨፍን የታያት ግን የእናቷ ፊት አይደለም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ዳቦ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ ሄዳ በላችው።

ረቡዕ የእውነት ልጹም ብላ ማለች። ግን ያን ሁሉ መንገድ በእግር መጥታ፣ ማታ የተረፈውን ለልጆቿ ሰጥታ አድራ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ረሃቡን አልቻለችውም። ተመልሳ ፋይል ክፍል ገባች። አፏን ሞልታ እያኘከች ሳለ ከበሩ ውጭ የእግር ኮቴ ሰማች።

እዚያ አገር ሰው እየበላ ሌላ ሰው ሲያልፍ ዝም አይልም። ከልጅነት ጀምሮ ሲባል የኖረ ነገር ነው፤ ምላስ ሳያስፈቅድ ይለዋል።

«እንብላ!» አለች ቫሴማዛ።

ወይ ጉድ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። ቃሉን መልሳ ብትውጠው በወደደች። ኮቴው ቆመ። እሷም ከነጉርሻዋ ደርቃ ቀረች።

«ይባረክ ልጄ» አለ የእትዬ ሩሲላ ድምፅ ከበሩ ወዲያ። «ብይ፣ እኔ ጠግቤአለሁ።»

ኮቴው ሄደ። ከትናንት ጀምሮ ምሳ ያልቀመሱ አሮጊት ናቸው እኮ ጠግቤአለሁ ያሉት! ቫሴማዛ የቀረውን ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ጣለችው፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ሞት እንኳ ቢመጣ አልጠላውም አለች።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ መዋረዷን ስትጠብቅ ዋለች። ሁለት ሰው ሲንሾካሾክ ባየች ቁጥር በቃ፣ አወቁ ትላለች። ምንም አልመጣም። እትዬ ሩሲላ እንደወትሮው ደህና አደርሽ አሏት፣ እንደወትሮው ጸሎት አደረሱ፣ የእናቷንም ስም እንደወትሮው ጠሩ። ቫሴማዛ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ግን ከተያዙ በኋላ መጾም ምን ጾም ነው?

ዓርብ ጠረጴዛው ሞላ። ሳሮጅ ሮቲውን እንደ ግንብ ከምራዋለች፣ ኢሲኬሊ ዓሣውን በአራት እጥፍ ይዞት መጥቷል። በመሐሉ አንድ ወፍራም ፖስታ ተቀምጧል። ኢሲኬሊ አንስቶ ፊቷ አደረገው።

«ያልበላነው ምሳ ዋጋ ነው» አላት። «ለእናትሽ መርከብ። በይ አሁን ባለጾሟ ባርኪና እንፍታ፣ ሞትን!»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። እትዬ ሩሲላም ደፉ፤ ቀና ብለው አላዩዋትም። ጸሎቱን ብታደርስ አለቀ። ፖስታው የእሷ ነው፣ እናቷ ይሳፈራሉ፣ አሮጊቷ አፋቸውን እንደማይከፍቱ ታውቃለች። አንድ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ አልጾምኩም» አለች።

ኢሲኬሊ ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«ከሰኞ እስከ ረቡዕ ፋይል ክፍል ተደብቄ ስበላ ነበር። ለሁላችሁም የሚበቃ ማምጣት አቅቶኝ ነው። ውሸቴን ነው።» ፖስታውን በጣቷ ጫፍ ወደ መሐል መልሳ ገፋችው።

ሳሮጅ በሮቲው ላይ የዘረጋችው እጅ እዚያው ቀረ።

«እኔ እኮ» አለ ኢሲኬሊ ከወንበሩ እየተነሳ፣ «እኔ እኮ ሚስቴን ጭምር አስጾሜአለሁ!»

«ኢሲኬሊ፣ ተቀመጥ» አሉ እትዬ ሩሲላ።

«አይ እትዬ፣ ይቺማ—»

«ተቀመጥ አልኩህ! የጾምነው ለእሷ ነው እንዴ? ለእናቷ ዓይን ነው። እናቷ ምን ዋሹን?» ኢሲኬሊ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። አሮጊቷ ወደ ቫሴማዛ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጧት በተሻላት። «አንቺ ግን ልጄ፣ ቸገረኝ ብትይን እኮ ካሳቫውን ቀጠን አድርገን እንቆርጠው ነበር።»

ይህን ብለው ፖስታውን መልሰው ፊቷ አኖሩት። ኢሲኬሊ መስኮት መስኮቱን ያያል።

ባትወስደው ኖሮ ትንሽ ኩራት ይተርፋት ነበር። እናቷ ግን መሳፈር ነበረባቸው። ቫሴማዛ በሁለት እጇ ተቀበለችው።