ሃያ አንድ ፍሬ ማሽላ

ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቆመ። ማሽላው አጠረ። ወተት ሲይዝ ደግሞ መጣጭ ተባይ ወረደበት፤ ፍሬው ገለባ ሆነ። በእኛ አገር፣ በኒሯቅ ዙሪያ፣ የምርቱን ግማሽ ያገኘ ሰው የለም።

ተባዩ የሚመጣው ከካሤ ቁርቁራ ዛፍ ነው አልኩ። ካሤ ጎረቤቴ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊትም ይህንኑ ብዬ አንዱን ዛፉን በሽማግሌ አስቆርጬበታለሁ። ያን ቀን «ያስቆረጥከው ንጹሕ ዛፍ ነው፤ አንድ ቁርቁራ ዕዳ አለብህ» አለኝ። ባየኝ ቁጥር ይደግመዋል። አሁን የቀረው አንድ ነው። በዚህ ዓመት ፍየሎቹን ያተረፈለት የእሱ ፍሬ ነው። እሱም ዓርብ እንዲቆረጥ ሽማግሌ ወሰነ።

ሐሙስ ሩሐማ የምትባል የተባይ ባለሙያ ከሰቆጣ መጣች። ከዛፉም ከማሽላውም ተባይ ለቅማ በገበሬ ማሠልጠኛው ጠረጴዛ ላይ ማይክሮስኮፕ አቆመች።

«የዛፉ ተባይ ቀጭን ነው፤ የማሽላው ሰፊ» አለች።

«ልጄ፣ ቀጭኑ ማሽላ ጠጥቶ ይሰፋል» አልኳት።

ካሤ «አንተ ይህን ሁሉ ዘመን ማሽላ በልተህ መቼ ሰፋህ?» አለኝ። ሰው ሳቀ።

«እንግዲያው ይቁጠሩ፣ አባ ደግሰው» አለች። «በተባዩ ውስጥ ክሮሞሶም የሚባል የዘር ክር አለ። ተባዩ ቢያድግም ቢወፍርም ቁጥሩ አይለወጥም። የተባይ ቤተሰብን ከቤተሰብ ከምንለይባቸው አንዱ እሱ ነው።»

ከሁለቱም ወንድ ወንዱን መረጠች። የዘር ፍሬውን አውጥታ፣ ቀለም ነክራ፣ በመስታወት መካከል ጨፈለቀችው። ዓይኔን አስጠጋሁ። እንደ ጤፍ የደቀቀ ጥቁር ነገር ተበትኗል። ለእያንዳንዱ አንድ ፍሬ ማሽላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የማሽላው ተባይ አሥራ አራት። ደገምኩ፤ አሥራ አራት።

የዛፉን አስገባች። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት። እዚህ ቢቆም እኔ ልክ ነበርኩ። አላለቀም! አሥራ አምስት! ካሤ ትከሻዬን ጨብጦ ከእኔ ጋር ይጮኻል። ሃያ! ሃያ አንድ!

«ድገመው» አለ። ሌላ ተባይ አስከፈተ። ሃያ አንድ!

«ቤተሰባቸው ለየብቻ ነው» አለች ሩሐማ፤ እሷም ታጨበጭባለች።

ሰባ ዓመት ነገር ስመለከት ኖሬ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ለተሰበሰበው ሰው «ዛፉ አይቆረጥም። ያኛውም መቆረጥ አልነበረበትም፤ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ» አልኩ።

ዓርብ ጠዋት መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ። ካሤ ዛፉ ሥር ቆሞ በዓይኑ ተከተለኝ። ወደ ድንበራችን ሄድኩ። እዚያ የራሴ ቁርቁራ አለ፣ ከአጥሩ በእኔ በኩል። የእሾህ አጥሩን በመጥረቢያው እየጎተትኩ ነቅዬ ከዛፉ ወዲህ አጠርኩት። ቁርቁራው በካሤ መሬት ውስጥ ቀረ።

«ዕዳዬን ተቀበል» አልኩት።

መጥቶ ግንዱን ዳሰሰ። ቀና ብሎ ቅርንጫፉን አየ።

«ያኛው ይተልቅ ነበር» አለ። ከዚያ ፍየሎቹን ጠራቸው።